የ12ቱን ነገድ ርስት ካርታ በእጅ መሳል፦ ከባዶ ወረቀት እስከ መጨረሻው ወሰን

መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 13 ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ገጹን ገልብጦ ያልፋል። ስም ብቻ ነዋ! ጠንከር ያለው ደግሞ እርሳስ ያነሣና «ካርታ ልሳል» ይላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱ ተጨማዶ ይጣላል። እኔ ሦስት ጊዜ ጥያለሁ። የመጀመሪያው ላይ ይሁዳንና ኤፍሬምን አንደላቅቄ ስዬ ለብንያም የተረፈው የጥፍር ያህል ቦታ ነበር። ኢየሩሳሌምም ኢያሪኮም እዚያች ውስጥ ሊገቡ!

ችግሩ የመሳል ችሎታ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው። ሰው ሁሉ ከወሰን ይጀምራል። ወሰን ግን መጨረሻ የሚሰመር ነገር ነው። መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ከተሞቹ፣ ከዚያ መስመሩ። በዚህ ሥርዓት ከሄዳችሁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠናቀቃል።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- አንድ A4 ወረቀት። ግራፍ ወረቀት ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ ተቃለለ።
- 30 ሴ.ሜ. ማስመሪያ፣ በደንብ የተቀረጸ እርሳስ፣ ጥሩ ላጲስ።
- ሰማያዊና ጥቁር እስክርቢቶ፣ ባለቀለም እርሳሶች።
- መጽሐፍ ቅዱስ። አንድ ትርጉም ብቻ ያዙ። የቦታ ስሞች አጻጻፍ ከትርጉም ትርጉም ይለያያል፤ ሁለት ገልጣችሁ ከሠራችሁ አንዱን ከተማ ሁለት ቦታ ትተክሉታላችሁ።

እስክርቢቶውን አርቃችሁ አስቀምጡ። እስከ ደረጃ 7 ድረስ አይነካም።

ማስጠንቀቂያ፦ አራት ካርታ አትቀላቅሉ

ይህን ያልተረዳ ሰው የፈለገውን ያህል ቢለፋ ካርታው አይገጥምለትም። ኦሪትና ነቢያት ውስጥ ያለው የምድሪቱ ካርታ አንድ አይደለም።

ዘፍጥረት 15፥18 ከግብፅ ወንዝ እስከ ኤፍራጥስ ይላል። ዘኁልቁ 34 የከነዓንን ዳርቻ ሲዘረዝር የምሥራቁን ወሰን ዮርዳኖስ ላይ ያቆመዋል፤ ሰሜኑን ደግሞ እስከ ሐማት መግቢያ ይወስደዋል። ሕዝቅኤል 48 ምድሪቱን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በተደረደሩ ዝርጋታዎች ይከፍላታል። ኢያሱ 13–19 ግን ለየነገዱ የደረሰውን ዕጣ ይናገራል፤ ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉትን ሁለት ነገድ ተኩልም ይጨምራል። የምንስለው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሌሎቹን ከፈለጋችሁ ሌላ ወረቀት ውሰዱ።

ደረጃ 1፦ ኢየሩሳሌምን ትከሉ

1. ወረቀቱን በቁመቱ አስቀምጡ። ሰሜን ላይ ነው።
2. ከግራ ጠርዝ 9.5 ሴ.ሜ.፣ ከታች ጠርዝ 10 ሴ.ሜ. ለኩ። እዚያ ትንሽ ነጥብ አድርጉ። ኢየሩሳሌም ይህች ናት።
3. በነጥቧ ላይ የሚያልፉ ሁለት ስስ መስመሮች አስምሩ፤ አንዱ ወደ ላይና ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ቀኝ። በኋላ ይጠፋሉ፤ አትጫኗቸው።
4. ጥግ ላይ «1 ሴ.ሜ. = 10 ኪ.ሜ.» ብላችሁ ጻፉ።

ከዚህ በኋላ የምሰጣችሁ ልኬት ሁሉ ከኢየሩሳሌም ነጥብ የሚቆጠር ነው። «ቀኝ 2፣ ላይ 1» ካልኩ ከነጥቧ 2 ሴ.ሜ. ወደ ቀኝ፣ ከዚያ 1 ሴ.ሜ. ወደ ላይ ማለት ነው።

ለክፍል ማስተማሪያ በትልቅ ወረቀት ከፈለጋችሁ ቁጥሩን ሁሉ በ3 አባዙ። ካርታው 80 ሴ.ሜ. ገደማ ቁመት ይኖረዋል፤ ፍሊፕ ቻርት ላይ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ውኃውን ሳሉ

*ታላቁ ባሕር።* እነዚህን ነጥቦች ከታች ወደ ላይ አድርጋችሁ በስሱ አገናኙ፦

- የጋዛ ጠረፍ፦ ግራ 7.6፣ ታች 3
- አስቀሎና፦ ግራ 6.5፣ ታች 1.3
- ኢዮጴ፦ ግራ 4.6፣ ላይ 3.1
- ዶር፦ ግራ 3፣ ላይ 9.3
- የቀርሜሎስ አፍንጫ፦ ግራ 2.5፣ ላይ 11.7
- አኮ፦ ግራ 1.6፣ ላይ 12.7
- ጢሮስ፦ ግራ 0.4፣ ላይ 16.6

ጠረፉ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚያስቸግረው ቀርሜሎስና አኮ መካከል ብቻ ነው። እዚያ ባሕሩ ወደ መሬት ገባ ይላል። ያቺን ጉድጓድ አትዝለሏት፤ የአሴር ርስት የሚታወቀው በእሷ ነው።

*የኪኔሬት ባሕር።* ገሊላ የምንለው ነው። ከላይ ጫፉ ቀኝ 3.3፣ ላይ 12.3። ከታች ጫፉ ቀኝ 3.2፣ ላይ 10.3። ወርዱ ሰፋ ባለበት 1.3 ሴ.ሜ.። ሰው ሁሉ አግንኖ ይስለዋል፤ እውነተኛው ሐይቅ ግን 21 ኪ.ሜ. ብቻ ነው የሚረዝመው።

*የጨው ባሕር።* ከላይ ጫፉ ቀኝ 3፣ ከኢየሩሳሌም ጋር እኩል ከፍታ ላይ። ከዚያ 8 ሴ.ሜ. ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ የታች ጫፉ ቀኝ 1.8 ነው። ወርዱ ከ1.5 ሴ.ሜ. ትንሽ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከስልካችሁ ካርታ አትቅዱ። ዛሬ ባሕሩ ሸሽቷል። ደቡባዊው ክፍል ሰው ሠራሽ ኩሬ ሆኗል፣ ሰሜኑ ብቻ ነው እንደ ባሕር የቀረው። የዛሬውን ቅርጽ ከወሰዳችሁ የይሁዳ ምሥራቃዊ ወሰን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

*ዮርዳኖስ።* ሁለቱን ባሕሮች አገናኙ፤ 10.3 ሴ.ሜ. ይሆናል። ወንዙ ሲጠማዘዝ ከ200 ኪ.ሜ. በላይ ይጓዛል፤ ለእኛ ግን ትንሽ የሚወላገድ መስመር ይበቃል። ከኪኔሬት በላይም እስከ ዳን (ቀኝ 3.9፣ ላይ 16.3) አስቀጥሉት።

*የምሥራቅ ወንዞች።* አርኖን የጨው ባሕርን የሚነካው ቀኝ 3.2፣ ታች 3.4 ላይ ነው። ያቦቅ ዮርዳኖስን የሚቀላቀለው ቀኝ 2.9፣ ላይ 3.7 ላይ። ሁለቱንም ወደ ምሥራቅ አምስት ሴ.ሜ. ያህል ሳቧቸው። እነዚህ ሁለት ጭረቶች ከሌሉ ሮቤልና ጋድ ማረፊያ የላቸውም።

ስለ «ባሕር» አንድ ነገር

ጽሑፉ «ባሕር» ሲል የትኛውን እንደሆነ ሁልጊዜ ጠይቁ። ታላቁ ባሕር የዛሬው ሜድትራኒያን ነው። «የዓረባ ባሕር» የሚለውን አይቶ ወደ ዓረብ አገር የሚሮጥ ሰው አላጣሁም። ዓረባ የዮርዳኖስ ሸለቆ ነው፤ የዓረባ ባሕር ራሱ የጨው ባሕር ነው። ኢያሱ 3፥16 ላይ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

አቅጣጫም እንዲሁ ያደናግራል። ዕብራውያን አቅጣጫ የሚናገሩት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ነው። ስለዚህ ቀኝ ማለት ደቡብ፣ ባሕር ማለት ምዕራብ ይሆናል። ግእዙን «የማን» (ቀኝ) የምታውቁ የብንያም ስም ውስጥ ያለውን «ያሚን» ወዲያው ትለዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ መልሕቅ ከተሞች

ሁሉንም ከተማ ለመትከል አትሞክሩ። መጽሐፉ ውስጥ በመቶዎች አሉ፤ የብዙዎቹ ቦታም አከራካሪ ነው። እነዚህ ይበቃሉ፦

- ኬብሮን፦ ግራ 1.3፣ ታች 2.7
- ቤርሳቤህ፦ ግራ 3.7፣ ታች 5.9
- ኢያሪኮ፦ ቀኝ 2፣ ላይ 1
- ቤቴል፦ በቀጥታ ላይ 1.7
- ቂርያትይዓሪም፦ ግራ 1.3፣ ላይ 0.3
- አቃሮን፦ ግራ 3.6፣ ከኢየሩሳሌም እኩል
- ሴሎ፦ ቀኝ 0.5፣ ላይ 3.1
- ሴኬም፦ ቀኝ 0.4፣ ላይ 4.8
- ቤትሳን፦ ቀኝ 2.5፣ ላይ 8.1
- መጊዶ፦ ግራ 0.5፣ ላይ 9
- የታቦር ተራራ፦ ቀኝ 1.5፣ ላይ 10.1
- አሶር፦ ቀኝ 3.1፣ ላይ 13.8
- ሐሴቦን፦ ቀኝ 5.4፣ ላይ 0.3
- የአርሞንዔም ተራራ፦ ቀኝ 5.9፣ ላይ 18.2

ደረጃ 4፦ ከመቀጠላችሁ በፊት ለኩ

ማስመሪያውን ከዳን እስከ ቤርሳቤህ አሳርፉ። 23.5 ሴ.ሜ. ሊሆን ይገባል። መሳፍንትና ሳሙኤል ላይ አገሩን በሙሉ ለማለት «ከዳን እስከ ቤርሳቤህ» የሚባለው ይኸው 235 ኪ.ሜ. ገደማ ነው።

ግማሽ ሴ.ሜ. ድረስ ቢለያይ እለፉት። ከዚያ ከበለጠ አንዱን ነጥብ ከተሳሳተ መስመር ላይ ለክታችኋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቤርሳቤህ ላይ ነው፤ «ግራ» ተብሎ «ቀኝ» ይለካል። ኬብሮን ከኢየሩሳሌም በስተ ግራ፣ ቤርሳቤህ ከኬብሮንም በስተ ግራ መሆኗን አረጋግጡ።

ደረጃ 5፦ የመስመር ዓይነት ምረጡ

ኢያሱ ለሁሉም ነገድ እኩል አልጻፈም። ለይሁዳ፣ ለብንያም፣ ለኤፍሬምና ለምናሴ ወሰን ይዘረዝራል፤ «ወጣ፣ ወረደ፣ ዞረ፣ መጨረሻው ባሕር ሆነ» እያለ። ለስምዖንና ለዳን ግን የከተማ ስም ብቻ ይደረድራል። የሰሜኖቹ በመሃል ናቸው፤ ከፊሉ ወሰን፣ ከፊሉ ዝርዝር።

ስለዚህ፦ ወሰኑ ከተጻፈ ያልተቆረጠ መስመር፤ ከተማ ብቻ ከተጻፈ ነጠብጣብ። በየመጻሕፍቱ ጀርባ ያሉት ባለቀለም ካርታዎች ሁሉንም በእኩል ወፍራም መስመር ስለሚያሳዩ ነው ሰው «ይህ ወሰን ከየት መጣ?» እያለ የሚጨነቀው። ከየትም አልመጣም፤ ሠዓሊው ገምቶ ነው።

ደረጃ 6፦ ነገዶቹን አስገቡ

መጀመሪያ ቆጠራውን አስተካክሉ። ሌዊ ርስት አልተሰጠውም። ዮሴፍ ኤፍሬምና ምናሴ ተብሎ ሁለት ሆነ። ስለዚህ 12 ስም አለ። ምናሴ ግን በወንዙ ወዲህና ወዲያ ሁለት ቦታ ነው። ዳንም በኋላ ወደ ሰሜን ሄዷል። በካርታው ላይ የምታገኙት 14 ቁራጭ መሬት ነው። ለሁለቱ ምናሴዎች አንድ ቀለም፣ ለሁለቱ ዳኖች አንድ ቀለም ስጡ።

6.1 ምሥራቁ (ምዕራፍ 13)

ሮቤል ከአርኖን ወደ ሰሜን እስከ ሐሴቦን። ከእሱ በላይ ጋድ። ከጋድ በላይ፣ ባሳንን ይዞ፣ የምናሴ ነገድ እኩሌታ። ጋድ ላይ ተጠንቀቁ፦ 13፥27 በዮርዳኖስ ሸለቆ እስከ ኪኔሬት ባሕር ዳር ያደርሰዋል። ስለዚህ ጋድ በወንዙ ዳር ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን ጅራት አለው። ይህችን ጅራት የረሳ ሰው ምናሴን ወንዙ ላይ ያሳርፈዋል።

6.2 ይሁዳ (ምዕራፍ 15)

በሰሜን ወሰኑ ጀምሩ። ከዮርዳኖስ አፍ ተነሡ፤ በአዱሚም ዐቀበት አልፋችሁ ወደ ኢየሩሳሌም ውጡ። አሁን እርሳሱን ቅረጹ። 15፥8 ወሰኑ በሄኖም ልጅ ሸለቆ በኩል፣ በኢያቡሳዊው ደቡባዊ ጎን ይወጣል ይላል፤ ኢያቡሳዊው የተባለችው ኢየሩሳሌም ናት። መስመሩ ከከተማይቱ *በታች* ነው የሚያልፈው። ኢየሩሳሌም ከመስመሩ በላይ ቀረች ማለት ነው፤ ብንያም ውስጥ። 18፥28 የብንያምን ከተሞች ሲቆጥር የሚጨምራትም ለዚህ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ብትስቱ የንጉሥ ዳዊትን ከተማ ለሌላ ነገድ ትሰጣላችሁ። ነጥቧን በላጲስ አትንኩ፤ መስመሩን ከሥሯ እንደ ሽክና ጎድጎድ አድርጋችሁ አሳልፉት።

ከዚያ ወደ ምዕራብ፦ ቂርያትይዓሪም፣ ቤትሳሚስ፣ ተምና፣ አቃሮን፣ የብኒኤል፣ ባሕር።

ደቡቡ ከወረቀቱ ይወጣል። ቃዴስ በርኔ ከቤርሳቤህ ደቡብ ምዕራብ ራቅ ብላ ናት። የታች ጠርዝ ላይ ቀስት ሳሉና ስሟን ጻፉ። «የግብፅ ወንዝ» የሚለውንም ዓባይ አታድርጉት፤ እዚህ ላይ አብዛኞቹ አጥኚዎች ከሲና የሚወርደውን የዓሪሽን ሸለቆ ነው የሚሉት።

የከተሞቹን ዝርዝር ስትቆጥሩ 15፥32 «29 ከተሞች» ይላል፤ ስሞቹ ግን ከዚያ ይበልጣሉ። ቆጠራችሁ ልክ ነው። ለማስገጠም ስም አትሰርዙ።

6.3 ኤፍሬምና ምናሴ (ምዕራፍ 16–17)

ኤፍሬም ከቤቴል በላይ ይጀምርና እስከ ሴኬም አካባቢ ይወጣል። ሴሎ ውስጡ ናት። በምዕራብ ወሰኑ የቃና ወንዝ ነው፤ ከኢዮጴ ትንሽ በላይ ባሕር ይገባል። ከዚያ በላይ ምናሴ ነው፣ እስከ መጊዶ ሜዳ ጠርዝ።

እዚህ ላይ ንጹሕ መስመር አትጠብቁ። 17፥8 የታጱዋ *ምድር* የምናሴ ነው፣ ታጱዋ *ከተማዋ* ግን የኤፍሬም ናት ይላል። 17፥11 ደግሞ ቤትሳንን፣ ዶርንና መጊዶን በይሳኮርና በአሴር ውስጥ ሆነው ለምናሴ ይሰጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መስመሩን አታጣምሙ፤ የከተማዋን ነጥብ በባለቤቷ ነገድ ቀለም ቀቡ።

6.4 ብንያም (ምዕራፍ 18)

ደስ ይበላችሁ፣ ይህ ራሱ ተስሏል። ታቹ የይሁዳ መስመር፣ ላዩ የኤፍሬም፣ ምሥራቁ ዮርዳኖስ። ምዕራቡን ቂርያትይዓሪም ላይ ዝጉት። ሁለት ሴ.ሜ. የማይሞላ ቁመት ይኖረዋል፤ ጠባብ መስሎ ቢታያችሁ ልክ ነው።

በነገራችን ላይ በዚሁ ምዕራፍ ኢያሱ ከየነገዱ 3 ሰው መርጦ ምድሪቱን ዞረው በመጽሐፍ እንዲጽፉ ይልካል። እነሱም የቀሩትን 7 ድርሻዎች ዕጣ ከመጣሉ በፊት ነው የጻፉት።

6.5 ሰሜኑ (ምዕራፍ 19)

አሴር ጠረፉን ይዞ ከቀርሜሎስ ወደ ጢሮስ። ንፍታሌም ከኪኔሬት ምዕራብ ወደ ላይ፣ አሶርን ይዞ። ይሳኮር ከታቦር በታች እስከ ዮርዳኖስ። ዛብሎን በመካከላቸው ተሸጉጦ።

ዛብሎን ባሕር አይነካም። ዘፍጥረት 49፥13 በባሕር ዳር ይቀመጣል ስለሚል ብዙዎች ጎትተው ጠረፍ ላይ ያደርሱታል። ያ የያዕቆብ ምርቃት ነው፤ እኛ የምንስለው ኢያሱ 19ን ነው። ከላይ ያስጠነቀቅኳችሁ መቀላቀል ይኸው ነው።

ሌላው ወጥመድ 19፥15 ላይ አለ። ለዛብሎን ከተሰጡት ከተሞች አንዷ ቤተ ልሔም ናት። ይህች የዳዊት ቤተ ልሔም አይደለችም፤ ሰሜን ያለች ሌላ ናት። አንድ ጊዜ ይህን ሳላስተውል የዛብሎንን ወሰን ኢየሩሳሌም ድረስ ጎትቼ፣ ምናሴን ለሁለት ሰንጥቄ፣ ቁጭ ብዬ «ምን አጠፋሁ?» ስል አምሽቻለሁ። ቃዴስም እንዲሁ ናት፤ የንፍታሌም ቃዴስ ሌላ፣ ቃዴስ በርኔ ሌላ።

6.6 ስምዖንና ዳን

ስምዖንን መጨረሻ አስገቡ። 19፥1 ርስቱ በይሁዳ ርስት *መካከል* ነው ይላል። ወሰን አትሥሩለት። ቤርሳቤህ ዙሪያ በሰያፍ ጭረት ብቻ ሙሉት። ቤርሳቤህና ጺቅላግ በይሁዳም በስምዖንም ዝርዝር ውስጥ ቢገኙ አትደነቁ።

ዳን በመጀመሪያ ከብንያም ምዕራብ፣ በይሁዳና በኤፍሬም መካከል፣ ወደ ኢዮጴ ያየ ነው። በነጠብጣብ አስምሩት። ቀጥሎ 19፥47 አንብቡ፦ ወደ ሌሼም ሄደው ወጓት፣ ስሟንም ዳን አሏት። ከላይ፣ በዮርዳኖስ ምንጭ፣ ሁለተኛውን ቁራጭ በዚያው ቀለም ቀቡና በሁለቱ መካከል ቀስት ሳሉ። ከቤተ እስራኤል ወገን የሆኑ አንባቢዎች በዚህች ነገድ ላይ ትኩር ማለታቸው አይቀርም፤ የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 የቤተ እስራኤልን አይሁድነት ሲያጸኑ የዳን ነገድ ናቸው ነው ያሉት።

ደረጃ 7፦ ሌዊ፣ መማፀኛ፣ ቀለም

1. ሳያውቅ ሰው የገደለ የሚሸሽባቸውን ስድስቱን የመማፀኛ ከተሞች በባዶ ክብ ምልክት አድርጉ (ምዕራፍ 20)። በወንዙ ወዲህ ቃዴስ፣ ሴኬም፣ ኬብሮን። ወዲያ በሮቤል ቦሶር፣ በጋድ የገለዓድ ራሞት፣ በምናሴ ጎላን። በየወገኑ ሦስት፤ አንዱ ሰሜን፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ደቡብ። እንደዚያ ካልሆነላችሁ አንዱን አሳስታችኋል።
2. የሌዊን 48 ከተሞች ከፈለጋችሁ ብቻ ጨምሩ (ምዕራፍ 21)። ለአራት የሌዊ ወገኖች የተከፈሉ ናቸው፦ 13፣ 10፣ 13 እና 12።
3. የፍልስጥኤማውያንን አምስት ከተሞች፣ ጋዛን፣ አስቀሎናን፣ አሽዶድን፣ ጌትንና አቃሮንን፣ በአራት ማዕዘን ምልክት ለዩ። 13፥3 ገና ካልተያዘው ምድር ይቆጥራቸዋል።
4. አሁን እስክርቢቶ አንሡ። ውኃውን በሰማያዊ፣ የተጻፈውን ወሰን በጥቁር።
5. አሥር ደቂቃ ይድረቅ። ከዚያ የእርሳሱን መስመር አጥፉ፣ መጨረሻ ላይ ቀለም ቀቡ። ሳይደርቅ ላጲስ ያሳረፈ ሰው ዮርዳኖስን በመላው ኤፍሬም ላይ ይለቀልቀዋል።

ሲበላሽ

*ብንያም ቦታ ካጣ፦* ቤቴልን ዝቅ አድርጋችሁ ተክላችኋል። ከኢየሩሳሌም 1.7 መሆኑን እንደገና ለኩ።

*ኢያሪኮ ባሕር ውስጥ ከገባች፦* የጨው ባሕርን ጫፍ ከፍ አድርጋችኋል። ጫፉ ከኢየሩሳሌም እኩል እንጂ በላይ አይሆንም።

*ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ከተቀደደ፦* ከጀርባው ፕላስተር ለጥፉ፣ በላዩ ግን እስክርቢቶ አትጠቀሙ፤ ይፈስሳል። ከሦስት ቦታ በላይ ከተቀደደ መስኮት ላይ አስደግፋችሁ ውኃውንና ነጥቦቹን ብቻ ወደ አዲስ ወረቀት ገልብጡ። ደረጃ 4 ድረስ የሠራችሁት አይባክንም።

*አንድ ከተማ የትም አልገጥም ካለች፦* በነገዷ ውስጥ ስሟን ብቻ ጻፉ፣ ነጥብ አታድርጉላት።